ሚሊዮን ቮልት በኪስ ውስጥ?

ራስን ከጥቃት ለመከላከል ያገለግላሉ ተብለው ለገበያ ከሚቀርቡት ዕቃዎች መካከል፣ በኤሌክትሪክ ንዝረት አጥቂን ያርቃሉ የሚባሉት ትንንሽ የእጅ መሣሪያዎች በተለይ የወጣቶችን ቀልብ ይስባሉ። አንዳንዶቹ የእጅ ባትሪ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ተንቀሳቃሽ ስልክ ይመስላሉ። በድረ ገጽ ማስታወቂያዎቻቸው ላይ ሁለት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛው «10 ሚሊዮን ቮልት»፣ «50 ሚሊዮን ቮልት» የሚል አስደንጋጭ ቁጥር ሲሆን፣ ሁለተኛው «ገዳይ ያልሆነ» የሚል አጽናኝ ቃል ነው። ገዢው ከቁጥሩ ብርታትን፣ ከቃሉ ደግሞ የኅሊና ዕረፍትን እንዲያገኝ ታስቦ የተሰናዳ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ሁለቱንም በፊዚክስ ሚዛን ለመመዘን እንሞክራለን። «ይህ የፖሊስና የሕግ ባለሙያ ጉዳይ ነው፤ የፊዚክስ መምህር ምን አገባው?» የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ቁጥሩ የተጻፈው በቮልት ነው፤ ቮልት ምን እንደሆነ የማስተማር ኃላፊነት ደግሞ የእኛ ነው። የኦምን ሕግ በፈተና ወረቀት ላይ በሚገባ ጽፎ ሙሉ ነጥብ ያገኘ ተማሪ፣ የዕቃ መያዣ ሳጥን ላይ «50 ሚሊዮን ቮልት» የሚል ጽሑፍ ሲያይ ምንም ሳይጠይቅ የሚቀበል ከሆነ ትምህርቱ ከመማሪያ ክፍሉ በር አልወጣም ማለት ነው። በዚህ ጉዳይ ደግሞ የሚጎድለው ገንዘብ ብቻ አይደለም። አንዲት ተማሪ ምሽት ላይ ከቤተ መጻሕፍት ወደ ማደሪያዋ ስትሄድ የምትተማመንበት ነገር እውነተኛ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ የሕይወት ጥያቄ ነው። አበው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚሉት እዚህ ላይ ይሠራል።

ቁጥሩ በማስመሪያ ሲፈተሽ

መሣሪያው ሲበራ በሁለት የብረት ጫፎች መካከል ሰማያዊ ብልጭታ እየተንጣጣ ይታያል። ይህ ብልጭታ የምንጠራጠረውን ቁጥር ለመፈተሽ በቂ ነው፤ የሚያስፈልገን ተጨማሪ መሣሪያ አንድ ማስመሪያ ብቻ ነው።

አየር በተፈጥሮው ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ነገር ነው። ይሁን እንጂ በውስጡ ያለው የኤሌክትሪክ መስክ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ የአየሩ ሞለኪውሎች ኤሌክትሮኖቻቸውን ያጣሉ፤ አየሩም ለቅጽበት አስተላላፊ ይሆናል። መብረቅ የሚፈጠረው፣ በመሣሪያው ጫፎች መካከል የምናየው ብልጭታም የሚከሰተው በዚሁ ምክንያት ነው። በባሕር ወለል ከፍታ ላይ የሚገኝ ደረቅ አየር በዚህ መንገድ የሚሸነፈው ለእያንዳንዱ ሚሊሜትር ርቀት 3,000 ቮልት ገደማ ሲያገኝ ነው። ይህ ቁጥር ለለስላሳና ለጠፍጣፋ ብረቶች የሚሠራ ሲሆን፣ ጫፎቹ ሹል ከሆኑ ብልጭታው ከዚህ በእጅጉ ባነሰ ቮልቴጅ ይዘላል።

እንግዲህ እናስላ። 1 ሚሊዮን ቮልት ለ3,000 ሲካፈል 333 ሚሊሜትር፣ ማለትም 33 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። በእርግጥ 1 ሚሊዮን ቮልት የሚያመነጭ መሣሪያ ቢኖር፣ ብልጭታው ቢያንስ ከአንድ ተራ የተማሪ ማስመሪያ የሚረዝም ርቀት መዝለል ይችል ነበር። 50 ሚሊዮን ቮልት ቢሆን ደግሞ ርቀቱ ከ16 ሜትር በላይ ይሆናል። በገበያ ላይ ያሉት መሣሪያዎች ጫፎች የሚራራቁት ግን ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ርቀቱን 4 ሴንቲሜትር ብንል ከፍተኛው ቮልቴጅ 120,000 አካባቢ ይሆናል፤ ጫፎቹ ሹል መሆናቸውን ስናስብ ደግሞ ከዚያም በብዙ ያነሰ ይሆናል። ብልጭታው አንዴ ከዘለለ በኋላ ቮልቴጁ ከዚያ በላይ ሊወጣ አይችልም፤ መንገድ ያገኘ ውኃ ከግድቡ ጀርባ እየተጠራቀመ እንደማይሄድ ሁሉ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ለአገራችን አንባብያን የሚጠቅም አንድ ተጨማሪ ነጥብ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ የአየሯ ጥግግት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። አየሩ ሲሳሳ በቀላሉ ይሸነፋል፤ ስለዚህ በእኛ ከተማ ለአንድ ሚሊሜትር 2,300 ቮልት አካባቢ ይበቃል። በዚህ ስሌት 1 ሚሊዮን ቮልት በአዲስ አበባ 43 ሴንቲሜትር ያህል፣ 50 ሚሊዮን ቮልት ደግሞ ከ21 ሜትር በላይ መዝለል ነበረበት። እንዲህ ያለ ዕቃ በእጅ ጨብጦ የሚሄድ ሰው የመጀመሪያው ተነዛሪ ራሱ በሆነ ነበር።

ሌላም ማረጋገጫ አለ። መሣሪያው የሚሠራው በአንዲት የ9 ቮልት ባትሪ ነው እንበል። 1 ሚሊዮን ቮልቱ ሳይቋረጥ 2 ሚሊአምፒር ብቻ ቢያወጣ እንኳ 2,000 ዋት ያስፈልገዋል፤ ይህም የአንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ያህል ነው። ባትሪዋ ይህንን ለማቅረብ 222 አምፒር መስጠት ይኖርባታል፤ ያ ደግሞ ከቶ የማይሆን ነገር ነው። እርግጥ ነው፣ በካፓሲተር ውስጥ ጥቂት በጥቂት የተጠራቀመውን ቻርጅ በትራንስፎርመር በኩል ለቅጽበት በመልቀቅ ከፍተኛ ቮልቴጅ ማግኘት ይቻላል፤ መሣሪያዎቹም የሚሠሩት በዚሁ ዘዴ ነው። በመሆኑም የባትሪው ስሌት ብቻውን ክርክሩን አይዘጋም። የማስመሪያው ስሌት ግን ይዘጋዋል፤ ብልጭታው ቅጽበታዊ ቢሆንም ባይሆንም የሚዘልለው ርቀት አይዋሽምና።

ሰውን የሚነዝረው ምንድን ነው?

«ቁጥሩ ቢጋነንስ ምን አለበት? ከፍ ያለ ቮልቴጅ ከሆነ መንዘሩ አይቀርም» የሚል ክርክር ይነሣ ይሆናል። ይህም አስተሳሰብ መስተካከል ይገባዋል። በበጋ ወራት የናይለን ሹራብ ስናወልቅ የሚንጣጣው ብልጭታ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት አለው። ምንጣፍ ላይ ተራምዶ የበር እጀታ የሚነካ ሰው ሰውነቱ 10,000 ቮልት ሊይዝ ይችላል። ነገር ግን ሰውነታችን የሚያጠራቅመው ቻርጅ እጅግ ጥቂት በመሆኑ፣ በዚህ ቮልቴጅ የሚለቀቀው አንድ ማይክሮኩሎም ገደማ ብቻ ነው። ቁንጥጫ ከመሰለ ስሜት በቀር ምንም አያደርሰንም። በአንጻሩ በቤታችን ግድግዳ ላይ ያለው ሶኬት 220 ቮልት ብቻ ነው፤ ሆኖም ሰው ይገድላል።

ልዩነቱን የሚፈጥረው በሰውነት ውስጥ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ጅረት፣ ማለትም ከረንቱ መጠን፣ የሚቆይበት ጊዜና የሚያልፍበት መንገድ ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ ያስተምር የነበረው ቻርልስ ዳልዚየል በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በፈቃደኞች ላይ ባደረገው ጥናት፣ ሰው የጨበጠውን ሽቦ በራሱ ፈቃድ መልቀቅ የሚችልበት ከፍተኛ ጅረት በአማካይ ለወንዶች 16፣ ለሴቶች ደግሞ 10.5 ሚሊአምፒር መሆኑን ለክቷል። ከዚያ በላይ ሲሆን ጡንቻው ተኮማትሮ እጅ አይላቀቅም። ጅረቱ በደረት በኩል አልፎ ወደ 100 ሚሊአምፒር ከተጠጋና ከቆየ ልብ ሥርዓት ባለው ምት መምታቱን ሊያቆም ይችላል። ዳልዚየል ይህንን ዕውቀት ይዞ ነበር አነስተኛ የጅረት መፍሰስ ሲያጋጥም መሥመሩን ፈጥኖ የሚያቋርጠውን መከላከያ የሠራው።

አሁን በትክክል ስለተለካ አንድ መሣሪያ እንመልከት። ቴዘር በሚል የንግድ ስም የሚታወቀው መሣሪያ የተፈለሰፈው ፊዚክስ ባጠናው አሜሪካዊው ጃክ ከቨር ሲሆን፣ የፈጠራ መብቱም የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ይህ መሣሪያ ከተራው የእጅ መንዘሪያ የሚለየው፣ በቀጭን ሽቦ የተያያዙ ሁለት ሹል ቀስቶችን ከርቀት መወርወሩ ነው። የመጀመሪያው ሥሪት ቀስቶቹን የሚያስፈነጥረው በባሩድ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ ሕግ ከጦር መሣሪያ ተመደበ፤ በ1990ዎቹ ግን ባሩዱ በተጨመቀ ናይትሮጅን ተተካ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውና በፖሊሶች ዘንድ በሰፊው የታወቀው ኤክስ 26 የተባለው ሞዴል በማስታወቂያው 50,000 ቮልት ይባል ነበር። ይህ ቁጥር ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን 50,000 ቮልቱ የሚያገለግለው በአየርና በልብስ ላይ ዘሎ ለማለፍ ብቻ ነው። ቀስቶቹ ሰውነትን ካገኙ በኋላ በሰውየው ላይ የሚያርፈው ቮልቴጅ 1,200 ገደማ ነው። በቅጽበቱ ጫፍ ላይ የሚያልፈው ጅረት 3 አምፒር፣ የሰውነቱ መከላከያም 400 ኦም አካባቢ ነውና፣ ሁለቱን ስናባዛ ያንኑ 1,200 ቮልት እናገኛለን። የኦም ሕግ እዚህም ይሠራል።

3 አምፒር ሲባል አንባቢ ሊደነግጥ ይችላል። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ምት የሚቆየው ለ100 ማይክሮሰከንድ ያህል ብቻ ሲሆን፣ የሚያልፈው ቻርጅም 100 ማይክሮኩሎም ገደማ ነው። ምቱ በሰከንድ 19 ጊዜ ስለሚደጋገም በአማካይ 1.9 ሚሊአምፒር ይሆናል። በእያንዳንዱ ምት ወደ ሰውነት የሚገባው ጉልበት ከአንድ ጁል አንድ አሥረኛ አይበልጥም፤ ይህም 100 ግራም የሚመዝን ሎሚ በ10 ሴንቲሜትር ከፍ ለማድረግ የሚያስፈልገውን ያህል ነው። ታዲያ ይህች ትንሽ ጉልበት ጎልማሳ ሰውን እንዴት ትጥላለች? ምስጢሩ ያለው ጉልበቱ ላይ ሳይሆን የነርቭን ቋንቋ መናገሩ ላይ ነው። ጡንቻን የሚያዝዙ ነርቮች ለአጭር ምት ፈጥነው ይነሣሣሉ፤ የልብ ጡንቻ ግን ለመነሣሣት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። በሰከንድ 19 ጊዜ የሚታዘዝ ጡንቻም ለመላላት ጊዜ ስለማያገኝ ተኮማትሮ ይቀራል። ስለዚህ የመሣሪያውን ጠባይ ለማወቅ የሚሻ ሰው መጠየቅ ያለበት ስለ ቻርጁ መጠን፣ ስለ ምቱ ርዝመትና ስለ ድግግሞሹ ነው። ሚሊዮኖችን የሚቆጥሩት ማስታወቂያዎች እነዚህን ሦስቱን ብዙ ጊዜ አይናገሩም።

ማሳመምና ማቆም አንድ አይደሉም

ከላይ ያልነው ጡንቻን የማኮማተር ሥራ የሚሳካው ሁለቱ ቀስቶች በሰውነት ላይ ተራርቀው ሲያርፉ ነው፤ ርቀታቸውም ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር ያህል እንዲሆን ይመከራል። ጅረቱ በብዙ ጡንቻዎች ውስጥ የሚያልፈው እንዲህ ሲሆን ነውና። በእጅ ተይዞ ገላ ላይ የሚለጠፈው ተራው መንዘሪያ ግን ጫፎቹ የሚራራቁት በጥቂት ሴንቲሜትር ስለሆነ፣ ጅረቱ በቆዳና ከቆዳ ሥር ባለው ትንሽ ሥጋ ብቻ ያልፋል። ውጤቱ ሕመም ነው። ሕመም ደግሞ አንዳንዱን ሰው ያባርራል፤ የሰከረን፣ በንዴት የጦፈን ወይም በአደንዛዥ ዕፅ የደነዘዘን ሰው ግን ላያቆም ይችላል። ወፍራም ካፖርት የለበሰ፣ ወይም በብርድ ሌሊት አራት እጥፍ ጋቢ የተከናነበ ሰው ደግሞ ንዝረቱ ጨርሶ ላይደርሰው ይችላል። ከሁሉ በላይ መሣሪያው እንዲሠራ አጥቂው በክንድ ርቀት ውስጥ መግባት አለበት። መራቅ የሚገባትን ሰው እንድትቀርብ የሚያስገድድ፣ ከእጅም ሊነጠቅ የሚችል መሣሪያ ነው።

ቀስት ወርዋሪው ዓይነትስ? እዚህም ቀላል የትሪጎኖሜትሪ ስሌት ብዙ ይነግረናል። በኤክስ 26 ላይ ሁለቱ ቀስቶች የሚለያዩት በ8 ዲግሪ ነው። የ8 ዲግሪ ታንጀንት 0.14 ስለሆነ፣ በ1 ሜትር ርቀት ቀስቶቹ የሚራራቁት 14 ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ 30 ሴንቲሜትር ለመራራቅ ከ2 ሜትር በላይ መጓዝ አለባቸው። ለሲቪል ሰዎች የሚሸጡት ሥሪቶች ሽቦ ደግሞ 4.5 ሜትር ገደማ ይረዝማል። እንግዲህ መሣሪያው በሚገባ የሚሠራበት ክልል ከ2 እስከ 4.5 ሜትር ነው ማለት ነው። የሚሮጥ ሰው ይህንን ክልል ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልፈዋል። በዚያች ጊዜ ውስጥ መሣሪያውን ከቦርሳ ማውጣት፣ ማነጣጠርና መተኮስ የሚችለው በብርቱ የተለማመደ ሰው ነው።

«ገዳይ ያልሆነ» የማን ቃል ነው?

አሁን ወደ ሁለተኛው፣ ወደ አጽናኙ ቃል እንለፍ። «ገዳይ ያልሆነ» የሚለው ቅጽል በሜትር ወይም በጁል የሚለካ ባሕርይ አይደለም። ስለ ሠሪው ዓላማ ይናገራል እንጂ ስለ ውጤቱ ዋስትና አይሰጥም። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው መመሪያ ራሱ፣ እነዚህ መሣሪያዎች ሞትን ወይም ዘላቂ ጉዳትን የማድረስ ዕድላቸው ዜሮ እንዲሆን እንደማይጠበቅ በግልጽ አስቀምጧል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 ለሕግ አስከባሪዎች ባወጣው መመሪያም የተመረጠው አጠራር «የመግደል ዕድሉ አነስተኛ የሆነ» የሚል ነው። በሁለቱ አጠራሮች መካከል ያለው ልዩነት የቃላት ጨዋታ አይደለም። የመጀመሪያው «አይሆንም» ይላል፤ ሁለተኛው «ብዙ ጊዜ አይሆንም» ይላል። ሳይንስን የሚያውቅ ሰው የሚናገረው እንደ ሁለተኛው ነው።

ለዚህ መረጃ አለ። ሮይተርስ የዜና ወኪል እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ሰፊ ምርመራ በአሜሪካ ፖሊሶች ቴዘር ከተጠቀሙባቸው በኋላ የሞቱ ከ1,000 የሚበልጡ ሰዎችን መዝግቧል፤ ከእነዚህም በ153ቱ የአስከሬን ምርመራ መዛግብት ቴዘሩን የሞቱ ምክንያት ወይም አስተዋጽኦ አድራጊ ብለው ጠቅሰውታል። በቀሩት ሌሎች ምክንያቶች ነበሩ፤ ስለዚህ ቁጥሩን ማጋነን አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2007 በካናዳ ቫንኩቨር አውሮፕላን ማረፊያ አንድ የፖላንድ መንገደኛ በተደጋጋሚ ከተነዘረ በኋላ መሞቱን ተከትሎ የተቋቋመው መርማሪ ኮሚሽንም መሣሪያው ሞት ሊያስከትል እንደሚችል ደምድሟል። አምራቹ ድርጅት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2009 ተጠቃሚዎች በተቻለ መጠን ደረት ላይ ከማነጣጠር እንዲቆጠቡ መክሯል።

ከልብ በተጨማሪ ሁለት ግልጽ አደጋዎች አሉ። ጡንቻው የተኮማተረ ሰው እጁን ዘርግቶ ራሱን ሊያድን ስለማይችል እንደ ግንድ ይወድቃል፤ ጭንቅላቱ ድንጋይ ወይም የአስፋልት ጠርዝ ካገኘው የሚገድለው ኤሌክትሪኩ ሳይሆን የመሬት ስበት ነው። ሁለተኛ፣ ብልጭታ እሳት ነው፤ ቤንዚን በፈሰሰበት ወይም የቡታ ጋዝ በሸተተበት ቦታ፣ ወይም አልኮል ያለበት የበርበሬ ርጭት በተረጨበት ሰው ላይ መሣሪያውን መጠቀም ቃጠሎ ሊያስነሣ ይችላል። ይህንን የምናነሣው ለመሳቀቅ አይደለም። መሣሪያን የሚይዝ ሰው ሊያደርስ የሚችለውን ጉዳት አውቆ እንዲይዝ እንጂ «ገዳይ አይደለም ተብያለሁ» ብሎ እንደ መጫወቻ እንዳያየው ነው። በተለይ ተማሪዎች በጨዋታ መልክ አንዱ በሌላው ላይ የመሞከር ፈተና ቢያድርባቸው ከዚህ ፈጽሞ እንዲታቀቡ እናሳስባለን።

የሌላውን ወገን ቃል እንስማ

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ መሣሪያው ከቶ ጥቅም የለውም ማለት ፍትሐዊ አይሆንም። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ አንዲት መኖሪያ ያልነበራት ሴት፣ በተደጋጋሚ ያጠቃት ከነበረው የቀድሞ ጓደኛዋ ራሷን ለመጠበቅ የእጅ መንዘሪያ ይዛ ነበር። አንድ ምሽት ሰውየው ሥራ ቦታዋ ድረስ መጥቶ ሲያስፈራራት መሣሪያውን አውጥታ አሳየችው፤ እሱም ትቷት ሄደ። ሳትጠቀምበት ዳነች። ሆኖም በግዛቲቱ ሕግ መሣሪያውን መያዝ ክልክል ስለነበረ ተከሰሰች፤ ጉዳዩም እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2016 የግዛቲቱ ፍርድ ቤት ውሳኔ ተሻረ። ይህ ታሪክ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛ፣ ለብቻዋ የቀረች ሴት በእጇ የያዘችው ማስፈራሪያ ሊያድናት ይችላል። ሁለተኛ፣ በአንዱ አገር መብት የሆነው በሌላው ወንጀል ሊሆን ይችላል። በብሪታንያ በ1968 የወጣው የጦር መሣሪያ ሕግ እነዚህን መሣሪያዎች ከተከለከሉ የጦር መሣሪያዎች ጋር ይመድባቸዋል፤ መያዝ ብቻውን ያስከስሳል። ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ የምትሄዱ ተማሪዎች ዕቃችሁን ስትሸክፉ ይህንን አስቡ፤ የምትሄዱበትን አገር ሕግ ሳታውቁ እንዲህ ያለ ዕቃ በሻንጣችሁ አታስገቡ።

«እናንተ መምህራን በወንበራችሁ ተቀምጣችሁ ታሰላላችሁ፤ በጨለማ የምንሄደው ግን እኛ ነን» የሚሉን ሴት ተማሪዎች ቢኖሩ ቅሬታቸው ተገቢ ነው። ፍርሃታቸው እውነተኛ ስለሆነ ነው መልሱም እውነተኛ መሆን አለበት የምንለው። ሐሰተኛ መተማመን ከፍርሃት ይልቅ አደገኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ የፈራ ሰው መንገድ ይለውጣል፣ ጓደኛ ይጠራል፤ በኪሱ 50 ሚሊዮን ቮልት ያለው የመሰለው ግን ብቻውን በጨለማው ይገባል።

ተለክቶ የተገኘው መልስ

ደኅንነትን የሚጨምረው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ እንደማንኛውም የሳይንስ ጥያቄ በሙከራ ሊፈተን ይችላል፤ ተፈትኗልም። በካናዳ ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች ወደ 900 በሚጠጉ የመጀመሪያ ዓመት ሴት ተማሪዎች ላይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2015 በታዋቂ የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት አለ። ተማሪዎቹ በዕጣ በሁለት ተከፈሉ፤ አንደኛው ወገን የ12 ሰዓት ሥልጠና ሲያገኝ ሁለተኛው ጽሑፎች ብቻ ተሰጡት። ሥልጠናው የአደጋን ምልክት ቀድሞ ማወቅን፣ በተለይ ከሚታወቅ ሰው የሚመጣን ጫና መመከትን፣ ያለ ማመንታት «አይሆንም» ማለትንና በአካል ራስን መከላከልን ያካተተ ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ ተገድዶ መደፈር የደረሰባቸው ከሁለተኛው ወገን 9.8 በመቶ ሲሆኑ፣ ከሠለጠኑት ግን 5.2 በመቶ ነበሩ። ባትሪ የሌለው፣ ቮልት የማይቈጠርለት ዕውቀት አደጋውን በግማሽ ያህል ቀነሰ ማለት ነው። አጥቂው ብዙ ጊዜ ከጨለማ የሚወጣ እንግዳ ሳይሆን የሚታወቅ ሰው መሆኑንም አንዘንጋ፤ በሚታወቅ ሰው ፊት ደግሞ መሣሪያ ከቦርሳ የሚያወጣ እጅ ያመነታል።

ጨለማውስ? እ.ኤ.አ. በ2016 በኒው ዮርክ ከተማ በመንግሥት የመኖሪያ ሕንፃዎች አካባቢ በዕጣ በተመረጡ ቦታዎች ተጨማሪ መብራቶች ተተክለው ውጤቱ ተጠንቶ ነበር። አጥኚዎቹ በእነዚያ ቦታዎች ከቤት ውጭ በሌሊት የሚፈጸሙ ከባድ ወንጀሎች በ36 በመቶ ገደማ መቀነሳቸውን ዘግበዋል። የኒው ዮርክ ቁጥር በቀጥታ ለእኛ ይሠራል አንልም፤ የጥናቱ መንገድ ግን ለእኛም ይሠራል። በማንኛውም ግቢ ውስጥ የትኛው መንገድ ስንት ሉክስ ብርሃን እንዳለው በአንድ ሳምንት ምሽት ለክቶ ካርታ ማዘጋጀት የፊዚክስ ተማሪዎች ክበብ ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው። እንዲህ ያለ ካርታ በአስተዳደሩ ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ ከመቶ አቤቱታ የበለጠ ይናገራል።

ስለዚህ አስተያየታችን ይህ ነው። መሣሪያ መግዛት የግለሰቡ ውሳኔ ነው፤ ሕግ በሚፈቅድበት ቦታ ጠቃሚነቱንና ወሰኑን አውቆ ለያዘው ሰው ተቃውሞ የለንም። ነገር ግን የአንዲት ተማሪ ደኅንነት በራሷ ቦርሳ ውስጥ ብቻ እንዲፈለግ ማድረግ የተቋማትን ኃላፊነት በእርሷ ጫንቃ ላይ መጫን ነው። የትምህርት ተቋማት መንገዳቸውን ማብራት፣ እስከ ምሽት ለሚያጠኑት የጋራ አጀባ ማዘጋጀት፣ የጥቃት አቤቱታን በአፋጣኝ መመርመርና ለአዲስ ገቢዎች ተገቢውን ሥልጠና መስጠት ይጠበቅባቸዋል። እኛም መምህራን የኤሌክትሪክን ምዕራፍ ስናስተምር በጥቁር ሰሌዳው ላይ ካሉት መከላከያዎችና ባትሪዎች አልፈን፣ ተማሪው በገበያ የሚያገኛቸውን ቁጥሮች ወደ ክፍል ማምጣት ይገባናል።

ከእናንተ ከወጣት አንባብያን የምንጠብቀው ደግሞ ማንኛውም ቁጥር በፊታችሁ ሲቀርብ ሦስት ነገር እንድትጠይቁ ነው፦ የተለካው ምንድን ነው? የት ላይ፣ በምን ሁኔታ ተለካ? የለካውስ ማን ነው? «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ» የሚለው የአባቶች ብሂል ለነጋዴ ማስታወቂያም ይሠራል። የመሣሪያው ብልጭታ 4 ሴንቲሜትር ብቻ ከዘለለ፣ በሳጥኑ ላይ የተጻፈው ምንም ይሁን ምን፣ ያለው የ4 ሴንቲሜትር ያህል ቮልቴጅ ነው።